ለብቻዋ ያልጠየቅኋት ዘሀራ

ረቡዕ፣ ግንቦት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.፤ ሸዋ ሮቢት

ዛሬ ዘሀራ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ልታስገባ መጣች። ካርዷ ላይ ስሟን ሳነብ ያቺ የድሮዋ የጤና ጣቢያችን ጠባብ ክፍል፣ ሙቀቷና የእማማ ከድጃ ማንጎ ትዝ አሉኝ።

እማማ ከድጃ የዘሀራ አማት ናቸው። አዲስ ነርስ ሳለሁ ለዘሀራ ክንዷ ላይ የወሊድ መከላከያ ስቀብርላት የበኩር ልጇን ታቅፈው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። በእሳቸው ፊት «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የለም» አለች።

በዓመቱ አረገዘች። ለካ የሚጥል በሽታ ኪኒን በድብቅ ትወስድ ኖሯል፤ ያ ኪኒን ደግሞ የመከላከያውን ኃይል ያዳክማል። አማቷን ውጭ ይጠብቁን አለማለቴ ስንት ጊዜ ቆጨኝ! እሳቸው ግን አንድም ቀን ሳይወቅሱኝ፣ ገበያ በወጡ ቁጥር ማንጎ ይዘውልኝ ጎራ ይሉ ነበር። እንዴት ያለ ደግ ጊዜ ነበር።

ዛሬ በሩን ዘግቼ ጠየቅኋት።

«አሁንም እወስዳለሁ» አለች።

«ግድ የለም፣ ሉፕ ከኪኒንሽ ጋር አይጋጭም። እማማስ ደህና ናቸው?»

«ሞቱ እኮ፣ ሲስተር። አላህ ይዘንላቸው። ሊሞቱ ሰሞን ምን አሉኝ መሰለሽ? ኪኒኑን ከሰርጌ ማግስት ጀምሮ ያውቁ ነበር። እንዳላፍር ብለው ነው ዝም ያሉት።»

ከዚያ አለቀሰች። እኔም አብሬያት።

ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምናለ እማማ ከድጃንም አንድ ቀን ለብቻቸው ባዋራቸው ኖሮ...