«ተመለሺ» የማይሉ እንግዶች

ውድ ወንድሜ ፈንታው፣

ይህን የምጽፍልህ በራችን ላይ ተቀምጬ ነው። ጉሙ ከአሸተን ማርያም ወርዶ ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ እየወሰዳቸው ነው፤ መጀመሪያ የእትዬ ይማርሽን ቤት፣ ቀጥሎ ወይራውን። እንዲህ ሲሆን ከጉሙ ውስጥ ሰው የሚመጣ ይመስለኛል፤ አረማመዱም ያንተን ይመስለኛል። ደብዳቤው የት እንደሚያገኝህ አላውቅም። ግን ስለ እማዬ የምነግርህ አለኝ።

መርዶህ ከመጣ ወዲህ እማዬ ከመደቡ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ለቅሶ ደራሹ ሲያጽናናት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄን አልሸኘሁትም።» ከገበያ ሰብስበው በመኪና ሲወስዷችሁ፣ ወሬው ደርሷት እየሮጠች ስትወርድ ያገኘችው አቧራውን ነው። በእኛ አገር ጨው ሊበደር የመጣ ሰው እንኳ እስከ ወይራው ይሸኛል። አንተን ለውትድርና ሲወስዱህ ግን እስከ ደጃፍ የሸኘህ የለም።

እግሯ አብጦ ትንፋሿም እያጠረ ሲሄድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ መረመራትና «ደም ብዛት ነው። ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም፤ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አላት።

«ወዴት?»

«ወዴትም። ዝም ብለው ይሂዱ።»

«ወዴትም የሚሄድ እብድ ነው፣ ልጄ። ልጇ ሞቶ ትንሸራሸራለች ልባል?»

እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «እንዲህ እንደተቀመጡ ከከረሙ ልባቸው አይችልም» አለኝ። ፈንታው፣ አባታችን የለም፤ አንተም የለህም። እሷ ከሄደች በቤቱ ውስጥ የሚቀረው የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ለምኜ ለምኜ እንቢ አለችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እትዬ ይማርሽ ልትሄድ ስትነሳ፣ እማዬ ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና እስከ በሩ ሸኘቻት። ለእኔ ልመና ያልተነሳችው ለወጉ ተነሳች። በማግስቱ እትዬ ይማርሽ ቤት ሄድኩ።

«እትዬ፣ ከእኛ ቤት ሲወጡ እማዬን ‹ተመለሺ› አይበሏት።»

«ምነው? ባለጌ ልታሰኘኝ ነው?»

ድሬሰሩ ያለውን ነገርኳት። ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እሺ፤ ለእናትህ ለእታገኘሁ ስል እባልጋለሁ!»

ባለገችም። ስለ ዶሮዋ እያወራች እማዬን እስከ ወይራው ወሰደቻት። እማዬ «ተመለሺ» የሚለውን ቃል ስትጠብቅ ስትጠብቅ፣ ላብ በላብ ሆና ገባች። «ይማርሽን ምን ነካት? ሰው በሞቴ ተመለሺ ይባላል እኮ! አስተዳደጓን ረሳች?» አንተ ከሞትክ ወዲህ በሌላ ነገር ስትናደድ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳቅሁ።

የነፍስ አባታችን አባ ዘውገ ደግሞ የቅዱሳንን ገድል እየተረኩ ዳገቱን ያስወጧት ጀመር። ካህን አይቋረጥም።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ ልመለስ?»

«ቆይ፣ ቆይ፤ ጻድቁ ገና ወንዙን አልተሻገሩም!»

ጻድቁ እስኪሻገሩ እማዬ ከጥዶቹ ትደርሳለች። እኔ በትሯን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ጦስኙ ከእግራችን ስር ይሸታል፤ ከታች ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዜማ እንደ ጭስ እየቀጠነ ይወጣል። ቀስ በቀስ የእግሯ እብጠት ጎደለ፤ ትንፋሿም ረዘመ።

ነገሩን ያበላሸችው የእትዬ ይማርሽ ልጅ አዛለች ናት። አንድ ቀን እማዬ እሷን ሸኝታ ልትመለስ ስትል «ኧረ ገና ነው! ከፋለ እስከ ጥዶቹ አድርሻት ብሎኛል!» አለቻት። እማዬ ዞራ አየችኝ። ቤት ገባን። ከዚያ «እንደ በሬ ስታስነዳኝ ከርመሃል» ብላ መደቡ ላይ ተኛች። ከዚያን ቀን ወዲህ እንግዳ ሲሄድ ተቀምጣ ትሰናበት ጀመር። እግሯ እንደገና አበጠ። ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ሁሉ የእሷ ትንፋሽ እየሆነ አልነበብ አለኝ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመጣ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው፣ እማ?»

«እንግዳ አለብኝ፤ ልሸኝ።»

«ማንን?»

«ወንድምህን።»

ሄድን። መንገዱ ሰፊ ሳለ እማዬ ዳር ዳሩን ነበር የምትሄደው፤ ከጎኗ ለሰው ቦታ ትታ። እኔም ያንን ቦታ እንዳልረግጥ ከኋላ ቀረሁ። ወይራውን አለፍን፤ ጥዶቹን አለፍን፤ አንተን የወሰደው መኪና ከታጠፈባት ጥምዝ ደረስን። እማዬ እዚያ ቆመች። ስትጠብቅ ሳያት ቆይቼ ገባኝ፤ ሸኚ በራሱ አይመለስም፤ ተመለሺ የሚል እንግዳው ነው። «በሞ...» ብዬ ጀመርኩና ቃሉን ቆረጥኩት።

«እማ፣ ይበቃሻል፤ ተመለሺ ብሏል።»

«እሱ ነው ያለው ወይስ አንተ?»

«እሱ ነው።»

መንገዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጉሙ ያኔ ነው መውረድ የጀመረው።

«አስተዳደጉን አልረሳም» አለች። «ነገም ይምጣ፤ እሸኘዋለሁ።»

እንግዲህ ወንድሜ፣ ነገም ና። ከነገ ወዲያም። ግን አደራህን፣ አንተም እንደ እትዬ ይማርሽ ትንሽ ባልግላት፤ ቶሎ «ተመለሺ» አትበላት።

ከኋላችሁ የሚከተለው ታናሽህ፣
ከፋለ
ላሊበላ፣ መስከረም 1979 ዓ.ም.