በሾኮ ፋንታ የመጣች ልጅ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ ማርታ፤

ይህ ወረቀት አንቺ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ወንዝ እንደሚሻገር አውቃለሁና፣ በየወንዙ ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ዝናቡስ በጊዜው ጣለላችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አለን ልበል እንጂ፣ እትዬ፣ ፈርቻለሁ።

ከአገራችን ከትላስካላ ስንነሣ ስፔኖቹ መሬት ታገኛላችሁ፣ በፈረስ ትሄዳላችሁ፣ የዚያ አገር ዘላኖችም እናንተን አይተው እርሻ ይለምዳሉ ብለውን ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! እኛ ገበሬዎች አጥር የሌለውን፣ ማንም ያልኮተኮተውን ዛፍ የማንም አይደለም እንላለን። ስለዚህ በወንዙ ዳር የነበረውን እሾሃም የሜስኪት ዛፍ ሁሉ መንጥረን በቆሎ ዘራንበት። ትልቁን ዛፍ የጣለው የባለቤቴ የፔትሮኒላ ወንድም ሆአኪን ነው። ለካ እነዚያ ጠጕራቸውን በቀይ አፈር የሚቀቡት ዘላኖች፣ ጓቺቺሎች፣ ዓመቱን የሚያልፉት የዚያን ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ነው። እያንዳንዱም ዛፍ እናት ለልጇ የምታወርሰው ኖሯል።

በዚህ ወር ፍሬ ሊለቅሙ ቢመጡ ያገኙት ጉቶ ብቻ ነው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ጎጇቸውን ነቅለው ወደ ተራራው ወጡ። ቢጮሁብን ይሻለን ነበር፤ ዛሬ ነገ ያቃጥሉናል እያልን ከነልብሳችን አደርን። በኋላ አሮጊቷ መሪያቸው ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው ይዛ ወረደች። በቆሎ እንስጣችሁ ብንላት ሳቀችብን። “ዘንድሮስ ትሰጡናላችሁ፤ ለከርሞ በምን እንመናችሁ? ዛፉን ከቆረጠው ቤት አንድ ልጅ እኛ ጋ ትክረም፤ የልጄ ልጅም እናንተ ጋ ትክረም። ልጁ ያለችበትን ቤት የሚያቃጥል የለም” አለች።

ሆአኪን ልጅ የለውም፤ ዕዳው እኛ ላይ ወደቀ። ፔትሮኒላ “ምነው መጥረቢያው እግርህን ባገኘው!” ብላ ወንድሟን ረገመችው። እርሱም እኔ ልሂድ ብሎ አሮጊቷ እግር ላይ ቢደፋ፣ “ይህን ሁሉ ሆድ ማን ይቀልባል?” አለችው። በዚያ ጭንቅ መሀል እንኳ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሾኮን ሰጠሁ። እትዬ፣ ያቺን ትንሿን አንድያ ልጄን፣ በእጄ ይዤ ወስጄ ሰጠሁ! ስትሄድ አላለቀሰችም፤ እኔንም ቀይ ይቀቡኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የእነርሱ ልጅ እኛ ቤት ናት። ፔትሮኒላ መጀመሪያ ልታያትም አልወደደችም። ልጅቷ እህል አልቀምስ ስትል ግን ቂጣውን እፊቷ ገምጣ ቀሪውን ሰጠቻት፤ በላችላት።

ትናንት ደግሞ የስፔኖቹ መቶ አለቃ ይህን ሰምቶ ከወታደሮቹ ጋር መጣ። የአረመኔዎቹን ልጅ አምጡ፣ አስረን ወደ ማዕድን ጉድጓዱ እንወስዳታለን አለ። እርሷ ከተወሰደች ሾኮ አለቀላት። በጓሮ ፔትሮኒላ የልጅቷን ጠጕር አጥባ የሾኮን ቀሚስ አለበሰቻት። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ያቺ ልጅ ከትናንት ወዲያ አምልጣለች፤ ይህች የእኔዋ ሾኮ ናት አልኩት። እርሱ ለእኛ ፊት መቼ ግድ ኖሮት ያውቃል? አየት አደረጋትና ሄደ። ግን ቅዳሜ ቄሱን ይዞ ይመለሳል፤ ቄሱ ደግሞ ሾኮን ያውቃታል። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ባለቤትሽን ቶማስን ሳሉ እንዲሻለው ማር አልሺልኝ። የአክስቴን የሉሲያን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጆችሽን በየስማቸው ጥሪና ሳሚልኝ። ይህን ያደረሰልሽ ሆአኪን ነው፤ ምሳ አብይው፣ አትቆጪው፣ ብዙ አልቅሷል። አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣዪው። ምናልባት ከስፔኖቹ አንዱ መጥቶ ባልታዛር ስንት ልጅ አለው ቢልሽ፣ አንዲት ናት፣ ሾኮ ትባላለች፣ አባቷ ቤት ናት በይው። ስትጸልዪ ግን ሁለት በይ።

ታናሽሽ ባልታዛር

ሳን ኢስቴባን፣ በቅዱስ ያዕቆብ በዓል ማግስት፣ ጌታ በተወለደ በ1592 ዓመት