በዕጣ ለወጣልን የብረት ጣራ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ፊታውራሪ አላምረው፣
የቀሃ ዳር የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ጎንደር።

ክቡር ሆይ፣

የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ዝናቡም እልፍኝዎን ሳያንጠባጥበው ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የቁስቋም ሰዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የፋብሪካው ጣራም እስከ ዛሬ ጧት ድረስ ደኅና ነው፤ ከቀትር በኋላ ስላለው ግን በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። ጉዳዬን በቃል ለማስረዳት ደጅዎን ብጠና ብጠና በር ጠባቂዎ "ፊታውራሪ ጸሎት ላይ ናቸው" እያለ ስለ መለሰኝ፣ ጸሎትዎን ላለማቋረጥ ስል በአደባባይ መጻፍን መርጫለሁ።

አስቀድሜ ማንነቴን ላስታውስዎ። እኔ በቁስቋም ዜማ የማስተምር መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ነኝ፤ ፋብሪካው የቆመበት መሬትም የባለቤቴ የወይዘሮ ወለላ ርስት ነበር። መሬቱን ስንለቅ በሽማግሌ ፊት የተገባልን ቃል፣ ባሏ የሞተባት ልጃችን ትርንጎ ኑግ በማበጠር ሥራ እንድትቀጠር ነው። ቃሉ ተጠብቆልናል፤ ስለዚህም እጅ እንነሣለን። የምንፈራው ቃሉ የተጠበቀበትን ጣራ ብቻ ነው።

ስለ ብረት የማውቀው ከጸናጽል አያልፍምና ስሳሳት ይታረምልኝ። ቅሬታዎቼን ግን ለንባብ እንዲያመችዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ሠሪው አመራረጥ። የሕንፃውን ብረት ቆርጦና በይዶ የሚያቆም ሰው ሲፈለግ ሦስት ሰዎች ቀርበው እንደ ነበር ያስታውሳሉ። አንዱ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ ቀርቶ በቅዳሜ ገበያ አጠገብ ብረት የሚሠራው ጣሊያናዊው ሲኞር ቤርቶ ነው፤ እርሱም መጭመቂያው ምን ያህል ይከብዳል፣ ነፋሱ ከየት በኩል ይበረታል፣ ሥሩ ጥቁር አፈር ነው ወይስ ድንጋይ እያለ ኮሚቴውን በጥያቄ አሰለቸ። ሁለተኛው ከአስመራ የመጣ ሲሆን፣ ቦታውን በዓይኑ ሳያይ፣ እናንተም እርሱ የሠራውን ሄዳችሁ ሳታዩ ውል እንደማይፈርም በመናገር ትዕቢቱን ገለጠ። ሦስተኛው አቶ የሻው ነው። አቶ የሻው የብረት አልጋና የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ፣ ለደብራችንም በር በነጻ ሠርቶ ያቆመ ደግ ክርስቲያን ነው፤ ምንም ሳይጠይቅ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን ማስቀየም ከጨዋ ስለማይጠበቅ ነገሩን በዕጣ ለመጨረስ ወሰናችሁ። የአቶ የሻው ስም በዕጣው የገባው የደብሩን በር ሠርቶልን ሳለ ብንተወው ይከፋዋል ተብሎ ለክብሩ ያህል ብቻ እንደ ነበር፣ ይወጣለታል ብሎ ያሰበም አንድ ሰው እንዳልነበረ ከኮሚቴው አባል ከአቶ አለነ ሰምቻለሁ። ዕጣ ግን ይሉኝታ የለውምና ለአቶ የሻው ወጣ። ጉባኤው ሲደነግጥ እርስዎ "ሐዋርያትስ ማትያስን በዕጣ አይደለም ወይ የመረጡት?" ብለው አጽናኑት አሉ። እንዲህ ያለ የመጽሐፍ ዕውቀት ከአንድ ሊቀ መንበር መስማት ደስ ያሰኛል። ብቻ ሐዋርያት ዕጣ የጣሉት ከጌታ ጋር ሲወጡና ሲገቡ የኖሩትን ሁለት ሰዎች ለይተው ካቆሙ በኋላ እንጂ፣ እንዳይከፋው ብለው በመንገድ ያለፈውን ሁሉ ጨምረው እንዳልነበረ፣ ጊዜ ሲያገኙ ከዚያው ምዕራፍ ጥቂት ከፍ ብለው እንዲያነቡት በትሕትና አሳስባለሁ።

፪ኛ፤ ስለ ብረቱ። አቶ የሻው በአዲ አርቃይ መንገድ ዳር ወድቀው የቀሩትን የጣሊያን ካሚዮኖች አስፈታትቶ አስመጣና ቁርጥራጩን እየቀጠለ በየደው። ጣራውን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት ሲሰቀል ቀዳዳው ከምሰሶው ቀዳዳ ጋር አልገጥም ስላለ፣ ብሎን ሊገባበት ይገባ የነበረው ቦታ በሽቦ ታሰረ። ካፈርሁ አይመልሰኝ እንዲሉ ቆርቆሮው ከላዩ ተመታበትና አግዳሚው ወዲያው ከመሐሉ ጎበጠ። ይህን ጊዜ ኮሚቴው ፈጥኖ ደርሶ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ግንድ አስደገፈበት፤ እኛም ዕድሜ ሰጥቶን ብረት በእንጨት ተደግፎ ለማየት በቃን። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀይ ቀለም ተቀባ። ቀለሙ በእውነት ሸጋ ነው፤ ይህን የማይመሰክር የለም።

፫ኛ፤ ስለ አቤቱታችን። እርስዎ ዘንድ የላክናቸው ሽማግሎች "ዕጣውን የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ከእርሱ ጋር ልትሟገቱ ነው?" ተብለው ተመለሱ። ካህናቱ ዘንድ ብንሄድ አዲሱን በር አሻግረው እያዩ በሰላም ግቡ ብለው ሸኙን። ቀድሞ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር፤ አሁን ዕጣም ተጨመረልን። ሲኞር ቤርቶን ለምነን ብናመጣው ከደጅ ሆኖ ጣራውን አየና፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ራሱን ደፍቶ ጥቂት ከቆመ በኋላ ሄደ። እንዲህ ያለውን ሰላምታ ፈረንጆች ለማን እንደሚሰጡ ያውቃሉ።

በመጨረሻ አቶ የሻው ቤት ሄድሁ። የሄድሁት ልጣላው ነበር። እርሱ ግን ገና ሲያየኝ መዶሻውን አስቀምጦ፣ "የኔታ፣ እኔ እኮ በር ሠሪ ነኝ። ዕጣው ሲወጣልኝ ደንግጬ እምቢ ልል ነበር፤ እግዜር የሰጠህን ትገፋለህ ወይ አሉኝ። ምነው ያን ጊዜ አንድ ሰው ተው ባለኝ!" አለ። ሚስቱ ወይዘሮ አበቡ እንደ ነገረችኝም ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጣራውን ሊያይ እየሮጠ ይሄዳል፤ ሄዶ ግን ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። አይዞህ ብዬው ተመለስሁ። ክቡር ፊታውራሪ፣ እንዲህ ሆኖ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

፬ኛ፤ ስለ ልጄ። ኑግ የሚያበጥሩት ሴቶች የሚቀመጡት በዚያው በጎበጠው አግዳሚ ሥር ነው። ቢያንስ ክረምቱ እስኪወጣ ከደጅ ዳስ ተጥሎላቸው እንዲሠሩ ብለምን፣ ዳስ የፋብሪካውን መልክ ያበላሻል ተባልሁ። ትርንጎን ቅሪ እንዳልላት ቦታዋን የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው፤ ርስቱ አይመለስ፣ የእኔም ድርጎ ለሁላችን አይበቃ። ጧት ስትወጣ እናቷ ነጠላዋን ደጋግማ እያስተካከለች ታዘገያታለች። እኔ ደግሞ ዜማ ሳስተምር ጆሮዬ ወደ ቀሃ ነውና ተማሪዎቼ ሲሳሳቱ አልሰማቸውም። ፈርቻለሁ፣ ፊታውራሪ። ይህን የምልበት የተሻለ የጨዋ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።

ሁለተኛ መጋዘን ልታሠሩ እንዳሰባችሁም ሰምቻለሁ። የእኛው ጣራ ሆኖ ካለቀ ሆኗል፤ ለዚያኛው ግን ከዕጣው በፊት ሠሪው ከዚህ ቀደም ያቆመውን ሄደው በዓይንዎ ቢያዩ፣ ጥያቄ የሚያበዛውንም ሰው እንደ ባለጌ ባይቆጥሩት እወዳለሁ፤ ይህን ልመናዬን በመስማትዎ የሚቀየም ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅልዎታለሁ።

እንግዲህ ማንንም ላለማስቀየም ስለ ደከሙት ድካም፣ ስለ ቀዩ ቀለምና ስለ ባሕር ዛፉ የቁስቋምን ሰው ምስጋና እያቀረብሁ፣ እግርዎ እንቅፋት እንዳያገኘው፣ ራስዎም ከላይ ከሚወድቅ ነገር ሁሉ እንዲጠበቅ ሳላቋርጥ የምጸልይ፣ ከመለመን በቀር ጉልበት፣ ከመጻፍም በቀር መድረሻ የሌለኝ ታዛዥዎ፣

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ
ቁስቋም፣ ጎንደር
ሰኔ ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ሳልጽፈው የቀረ፤ ባለፈው ቅዳሜ ፋብሪካውን ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ዝናብ ስለ ጣለ አሽከርዎ በቅሎዎን ከጣራው ሥር አስገብቶ ምሰሶው ላይ አስሯት እንደ ነበር፣ እርስዎም ቀና ብለው አግዳሚውን ካዩ በኋላ "ኧረ በቅሎዋን ከዚያ አውጣት፣ ዝናቡ ይሻላታል!" ብለው እንደ ጮኹ ልጄ ነግራናለች። በቅሎዋ ያለ ጉዳት በመውጣቷ እንኳን ደስ ያለዎ። ትርንጎም ቦታው ስለ ተለቀቀላት ሰፌዷን ይዛ ወደ ምሰሶው ጠጋ ብላ ተቀምጣለች።