መጋረጃዬ ሳይከፈት ያረፈደበት ዕለት

ለተወደዱት ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ላይ ያስቸገረዎት ሕመም በረደልዎ ወይስ እንደ ልማድዎ «ደህና ነኝ» እያሉ ነው የሚያልፉት? እትዬስ እንዴት ናቸው? የዓይን ጠብታውን ትዝ ሲላቸው ሳይሆን በየቀኑ ያድርጉት፤ አደራ። እኔ ደህና ነኝ። ሰሞኑን አንድ ነገር ገጥሞኝ ነበር፤ የጥያቄዎም መልስ እዚያው ውስጥ ስለሆነ ከሥሩ ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጡረታ ወጥቼ ከሆስፒታል ሥራዬ በተሰናበትኩበት ሳምንት ነው። «ልጆቹም ወጥተው ቤቱ ሰፍቶብናል፤ ነይና አብረን እንጦር። ብቻሽን ሞተሽ በሦስተኛው ቀን ብትገኚ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» ብለዋል። አልሳቅኩም። ሰው እንደዚያ ሲሆን አይቻለሁና። ለመምጣት ወሰንኩ፤ ሻንጣዬንም ከቁም ሣጥን ላይ አውርጄ ልብስ ከትቼ በሩ አጠገብ አቆምኩት።

ስለ ሥራዬ ብዙ ጽፌልዎ አላውቅም። በረዳት ነርስነት ስገባ የተቀበለችን የነርሶች አለቃ፣ ማትሮኗ፣ አጭር፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። ድንገት ከኋላችን ብቅ ስትል ቴርሞሜትር ያልጣለ አልነበረም። የመጀመሪያ ትምህርቷ ስለ መርፌ ሳይሆን ስለ መጋረጃ ነበር። ጠዋት ተረኛ ሆናችሁ ስትገቡ፣ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት መጋረጃ ክፈቱ፤ ከዚያ በየአልጋው እየዞራችሁ ፊት እዩ ትለን ነበር። «ሰውየው በደህና ማደሩን ሳታዪ ሙቀቱን አትለኪ።» እውነቷን ነው፤ በአምፖል የማይታይ የከንፈር መጥቆር በጠዋት ብርሃን ይታያል። የክፍል ኃላፊ ከሆንኩ በኋላም መጋረጃውን ለሌላ አልሰጠሁም። ሕመምተኞቹ «ሲስተር መጋረጃ» አሉኝ። እግሩ በጀሶ የታሰረ አንድ ሹፌር «ሕልሜን አንድ ቀን እንኳ ሳታስጨርሺኝ!» እያለ ፊቱን በትራስ ይሸፍን ነበር። ድኖ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆመና፣ «ቤትስ ማን ይቀሰቅሰኛል?» አለኝ።

ነገሩን ወደ ሰፈር ያመጣሁት በጎረቤቴ በሽማግሌው ልብስ ሰፊ ምክንያት ነው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ቅዳሜ ወንበር ላይ ቆመው አምፖል ሲቀይሩ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። የተገኙት ሰኞ ነው። በቃሬዛ ወደ እኔው ክፍል ሲገቡ እጄን ያዙና፣ «ስታልፉ ድምፃችሁን እሰማ ነበር። አንቺና ጎረቤታችን አስተማሪዋ እበሬ ላይ ቆማችሁ ስለ ሽንኩርት መወደድ ስታወሩ፣ ኧረ ሽንኩርቱን ተዉት ብዬ ልጮኽ ነበር፤ ጉሮሮዬ ደርቆ እምቢ አለኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ዞሬ አንድ ደንብ አስያዝኩ። ብቻውን የሚኖር ሁሉ ዳቦ ቤቱ ሲከፈት መጋረጃውን ይከፍታል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጎረቤት ያያል። ካልተከፈተ ይንኳኳ፤ መልስ ከጠፋ በሩ ይሰበር። መንገድ የሚሄድ አስቀድሞ ይናገር። «ሆስፒታሉን አዝላ ሰፈር ይዛው መጣች» ብለው ሳቁብኝ። ዋናው አሽሟጣጭ የብረት በር የሚሠራው በያጅ ነበር። አንድ ጠዋት የእናቱ መጋረጃ ሳይከፈት ቀረና ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ተገኙ፤ በጊዜ ስለተደረሰላቸው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ በር መስበር ሲያስፈልግ የሚጠራው እሱ ሆነ።

የእኔን መጋረጃ ግን ማንም ጠብቆት አያውቅም። ጎህ ሲቀድ ከፍቼው ስለምወጣ ለማየት እንኳ አይደርሱም። የጡረታዬ የመጀመሪያ ሰኞ ታዲያ፣ ዕድሜ ልኬን የቀሰቀሰኝን ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩና እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ያወጣሁት ደንብ ለእኔም መሆኑ ትዝ አላለኝም።

የነቃሁት አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነው። በሩ ከነመቃኑ ተገንድሶ ሻንጣዬ ላይ ተኝቷል። በያጁ ድጅኖ እንደያዘ ቆሟል፤ አስተማሪዋ በነጠላ ጫማ ትንሰቀሰቃለች፤ ልብስ ሰፊው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከሁሉ ፊት ናቸው። ጥጡን ከጆሮዬ አውጥቼ፣ «ምነው! ማን ሞተ?» አልኩ።

«አንቺ» አሉኝ ልብስ ሰፊው።

አስተማሪዋ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ሳቋ መጣባት። ልብስ ሰፊው ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊቴን ትኩር ብለው አዩት፤ ልክ ማትሮኗ እንዳስተማረችን። «ከንፈርሽ ደህና ነው» አሉ። በያጁም፣ «በሩን እኔ እሠራዋለሁ ሲስተር፤ መጋረጃውን ግን እርስዎ ይክፈቱ» አለኝ። ተነስቼ ከፈትኩት። የዳቦ ቤቱ ሰው ገና ሳይከፍት መስኮቱን እየወለወለ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ የሚከፈተው መጋረጃዬ ተዘግቶ ስላዩት የደንቡን ሰዓት እንኳ አልጠበቁም።

ወንድም ጋሼ፣ በሦስተኛው ቀን ትገኛለሽ ብለው ፈርተዋል። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ጠዋት እንኳ አላስተኙኝም። ስለዚህ ለመኖር አልመጣም፤ አይቀየሙኝ። ሻንጣው ክዳኑ ቢጎብጥም ይዘጋል፤ በያጁ በሩን ገጥሞ እንደጨረሰ ለአስተማሪዋ ተናግሬ ልጠይቃችሁ እመጣለሁ፤ ጉልበትዎንም አያለሁ። ሁለት አረጋውያን በሰፊ ቤት ብቻቸውን መሆናቸው ከእኔ ይልቅ ያሳስባልና እስከዚያው አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ከመስኮትዎ ፊት ለፊት የሚኖረው ማን ነው? ያውቁታል? ካላወቁት ነገ ጠዋት መጋረጃዎን ከፍተው ሰላም ይበሉት።

እትዬን በሁለት ጉንጫቸው ይሳሙልኝ። ትልቁን ልጅዎን፣ ታናሺቱን ከነባለቤቷ፣ በአፍንጫዋ እርስዎን የምትመስለውን የልጅ ልጅዎንም ይሳሙልኝ። ልብስ ሰፊው «የምንሰጥህ እህት የለችንም በይልኝ» ብለው ሰላምታ ልከውልዎታል።

ታናሽ እህትዎ

አዲስ በር ከሚገጠምለት ቤቴ፣
ሐሙስ፣ ዳቦ ቤቱ እንደተከፈተ