ለሰው ሁሉ ይነሡ የነበሩት ወይዘሮ ቆንጅት

ወይዘሮ ቆንጅት አባይ ከአባታቸው ከአቶ አባይ ፈንታውና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትናየት ይማም በ1951 ዓ.ም. ዋጃ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው በ1967 ዓ.ም. ከአቶ ዋሲሁን ደጀን ጋር በጋብቻ ተሳሰሩና ቆቦ ገቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

እናታችን መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። ገበያው ጎብዬ ሲውል ጎብዬ፣ ሮቢት ሲውል ሮቢት፣ ከባልንጀራቸው ከወይዘሮ ሀጀራ በድረዲን ጋር ሠላሳ ዓመት ማሽላ ነግደዋል። ቤታቸው ሰው ከገባ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ተነሥተው ነው የሚቀበሉት።

በአርባ ስምንት ዓመታቸው የወር አበባቸው ቆመ። ይህ በቀብር ላይ አይነበብም ያላችሁኝ ይቅር በሉኝ፤ እሳቸውም የተጎዱት ስላፈሩ ነው። ጉልበታቸው እየከዳቸው ሄደ። እኛ ልጆቻቸው ይረፉ ብለን ከገበያ አስቀረናቸው፣ እንስራውንም ጆንያውንም ነጠቅናቸው፤ ማክበር መስሎን። ከዓመታት በኋላ ከበርጩማ መነሣት አቃታቸው። ለማንም አልተናገሩም።

በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ወይዘሮ ሀጀራ ሊጠይቋቸው ሲገቡ እናታችን እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ወይዘሮ ሀጀራ «ቆንጅትዬ፣ ለኔ መነሳት ከበደሽ?» ብለው ወጡ፤ ሁለት ዓመት ደጃችንን አልረገጡም። የእናታችንን ችግር ያወቅነው ያን ቀን ሲያለቅሱ ነው፤ ለወይዘሮ ሀጀራ እንዳንነግር ግን ከለከሉን።

ሐኪሙ የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እንደሚቀንስ፣ ጡንቻም አብሮ እንደሚደክም፣ ያባባሰው ግን መቀመጡ እንደሆነ ነገረን። ያስቀመጥናቸው እኛ ነን። እኔ ሁለተኛ ልጃቸው ፀዲ፣ ይህ ዛሬም እረፍት ይነሣኛል።

ከዚያ በኋላ እንቁላሉን፣ በጾም ምስርና ሽምብራውን እየበሉ፣ በየጠዋቱ ከበርጩማ መነሣትና መቀመጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ተደግፈው ሦስት ጊዜ፣ በኋላ አሥር ጊዜ፣ ኋላም ጀሪካን ይዘው። ልደግፋቸው ስል እጄን መትተው ያስለቅቁኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሰው ልከው ወይዘሮ ሀጀራን አስጠሩ። በሩ ሲከፈት ማንም ሳይነካቸው ብድግ አሉ። ወይዘሮ ሀጀራ «አልሐምዱሊላህ፣ ቆንጅትዬ!» ብለው ተጠመጠሙባቸው። በሳምንቱ ሁለቱም ሮቢት ገበያ ነበሩ።

እናታችን በሳንባ ምች ታመው ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና ወይዘሮ ሀጀራ ቀርተናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ዕድሜ ልካቸውን ለሁላችንም ተነሥተዋል። አሁን አስከሬናቸው ሊወጣ ነው፤ የተቀመጣችሁ ሁሉ ተነሡላቸው።