ንገሪ፣ አልተኛንም

ይድረስ ከዓይኔ ለራቅሽው፣ ከልቤ ግን አንድ ቀን ላልወጣሽው ለእህቴ ለማርያማዊት ደምሴ፣ ካለሽበት ደማስቆ።

እንደምን ከረምሽ? እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? በብርድ ጊዜ የሚነሣብሽ የጆሮ ሕመም ተወሽ? አሠሪሽ እማማ ኡም ኻሊልስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ የእመብርሃን ስሟ ይክበርና ሁላችንም ደኅና ነን። ክረምቱ ጠንክሮብን ነበር፤ አሁን ጉና ጭጋጉን ገልጦ መታየት ጀምሯል፣ የጓሯችን ገብስም እሸት ሊሆን ነው።

ካሴትሽ ከዚያ በተመለሰችው በይፋጓ በየሺ እጅ ሐምሌ ላይ ደርሶን እስካሁን ዝም ማለታችን ሳያስቀይምሽ አልቀረም። ፍቅር ቀንሶ አይደለም፣ የምጽፍልሽ ደግ ነገር አጥቼ ነው። አሁን ግን አለኝ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ሳትጨርሺው እንዳታለቅሺ፣ መጨረሻው ደግ ነው።

ካሴቱ የመጣ ቀን ከሁላችን የቸኮሉት አባታችን ነበሩ። የቴፑን የባትሪ ድንጋይ ራሳቸው ገዝተው መጡ፣ በርጩማቸውንም አስጠግተው ተቀመጡ። ድምፅሽን ከሰሙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበርና ገና ሳይጀመር ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። መጀመሪያ እማማ ኡም ኻሊል በዐረብኛ ተናገሩ፤ ከቃላቸው መካከል የነቢያቸውን ስም አባታችን ለዩት፣ ገበያ ላይ ሙስሊም ወዳጆቻቸው ሲጠሩት ይሰማሉና። ወዲያው አንቺ እየሳቅሽ በዐረብኛ መለስሽላቸው። አባታችን መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ሲመለሱ “ልጄን ለውጠዋታል” አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስምሽን አላነሡም።

እኔና እናታችን ግን እስከ መጨረሻው ሰምተነዋል። በዚያ አገር ተረት ዝም ብሎ አይጀመርም ብለሽ ነግረሽናል፤ ክረምት ምድጃ ዙሪያ ተሰብስበው ተረተኛዋ በነቢያቸው ላይ በረከት ትለምናለች፣ ክርስቲያን ብትሆን የእመቤታችንን ስም ታስቀድማለች፣ ከዚያ “ልንገር ወይስ ትተኛላችሁ?” ብላ ትጠይቃለች። ሰሚው “ንገሪ” ካላለ ተረት የለም። አንቺም የመለስሽው ይህንኑ ነው። እኛ “ተረት ተረት” ሲሉን “የላም በረት” እንደምንለው ማለት ነው። ይህን ለአባታችን ብነግራቸው እንደ ቄስነታቸው መለሱልኝ፦ “ካህኑ ሲል ሕዝቡ የሚመልሰው እምነቱን ነው። ሰው ተሰጥዎ ከመለሰ ወዲያ ምን ቀረው?” አሉኝ። የቅዳሴውን ነገር ወደ ምድጃ ዳር አምጥተው አላላውስ አሉኝ፤ የቀረውን ልነግራቸው ስልም “ስለ ካሴቱ እንዳልሰማ” ብለው ከለከሉኝ።

ክረምቱ በዚህ ዓይነት አለፈ። እህል አይበሉ፣ ጨዋታ አይጫወቱ። ታውቂያለሽ፣ ማለዳ ሲጸልዩ የእኛን የክርስትና ስም በተራ ይጠራሉ። የእኔን ጠርተው የአንቺ ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉና ወደ ወንድማችን ወደ ዮናስ ይሻገራሉ። እናታችን ደግሞ በዚያች ዝምታ መሐል ከመኝታዋ ሆና “ወለተ ሐና” እያለች በሹክሹክታ ትሞላዋለች። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ፤ የጭንቅ ጭንቅ ነበር።

እናታችን እንኳ በተረትሽ ተጽናናች። ተረት በቀን ካወራችሁ ላም ይጠፋል እያለች ያሳደገችን ሴትዮ፣ አባታችን ገና በሩን ሲወጡ “እስቲ ያቺን የአይቧን ልጅ ክፈችልኝ” ትለኛለች። እንደ አይብ የነጣች ልጅ ስጠኝ ብላ የተሳለችው ሴት፣ ልጇ ተወስዳባት በሰው አገር የሰው ዝይ ስታግድ፣ ልጅቱም የሚያልፉትን ወፎች “እናትና አባቴን ሰላም በሉልኝ፣ አለች በሉልኝ” ስትል፣ እዚያ ላይ እናታችን ሁልጊዜ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። ወፎቹ መልእክቱን ሲያደርሱ ደግሞ እንደ አዲስ “እሰይ!” ትላለች። ላሟም አልጠፋች፣ ማታ ማታ በሰላም እየገባች ነው።

እንዲህ እንዲህ ስንል መስከረም ዐሥር ደረሰ። አባታችን ማርያም ቀድሰው መሪጌታ ሀብታሙን ይዘው መጡ። መሪጌታ ዜማ ከሚያስተምሩበት ጉባኤ ስለማይወጡ ነገሩን አልሰሙም ኖሯል፤ ገና ቁራሽ ሳይዙ “ያቺ ማርያማዊት ደኅና ናት?” ብለው ጠየቁ። በዕድሜዋ አባታችንን ተቃውማ የማታውቀው እናታችን ብድግ ብላ ቴፑን አምጥታ “ራሷ ትንገርዎ” አለችና ሁለተኛውን ገጽ ከፈተችው። አባታችን ሊነሡ ቃጡ። ግን እንግዳ ማዕድ ላይ ጥሎ መውጣት አይሆንላቸውም፣ ተቀመጡ። እናታችን ይህን ሳታስብ አላደረገችውም፣ እሷን ሞኝ የሚላት ራሱ ሞኝ ነው።

አንቺ በካሴቱ ትናገሪያለሽ፦ ንጉሥ አደን ወጥቶ ሚዳቋ ሲያሳድድ፣ ሚዳቋዋ ዓለት ላይ ወጥታ ቆመች፤ ቀስቱን ሲደግን በብርሃን የተከበበች ሴት ሆነችና “እኔን አታድነኝ፣ እዚህ ቤት ሥራልኝ” አለችው፤ የተሠራውም የእመቤታችን ገዳም ነው። እማማ ኡም ኻሊል ሙስሊም ሆነው፣ መካን ነሽ ተብለው ሲያለቅሱ ወደዚያ ገዳም ተስለው ሄደው ኻሊልን እንደ ወለዱ፣ የኻሊል እናት መባላቸውም ከዚያ እንደ ሆነ፣ በዚያ አገር ይህ እንደ ነውር እንደማይቆጠር ነገርሽን። ቀጥለሽ “አንገቴ ላይ ማተቤን አይተው፣ የዚህች ልጅ እመቤት እኛ ተራራ ላይ ናት፣ ሳላሳያት አልቀርም ብለው ወሰዱኝ” አልሽ። ጫማ አውልቀሽ ወደ ጨለማዋ ክፍል መግባትሽን፣ እንግዳ ተቀባይ የሆነች ሴት ለመነኩሴ አደራ ብላ ከኢየሩሳሌም ያስመጣቻት የእመቤታችን ሥዕል እዚያ እንዳለችና ቅባት እንደሚወጣት፣ አንቺም በጥጥ መቀባትሽን ስትነግሪ የመሪጌታ ጉርሻ መንገድ ላይ ቀረ።

“ቄስ ደምሴ” አሉ፣ “ይህ ዛሬ ማለዳ በስንክሳር ያነበብነው አይደለም? ማርታ ናት እኮ! ጼዴንያ እኮ ነው! ልጅዎ በእግሯ ቆማበት መጣች?”

አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። “ማተቤን አለች?” ብለው እኔን ጠየቁኝ። “አዎ አባባ፣ ማተቤን ብላለች” አልኋቸው። ከዚያ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፣ መሪጌታ ፊት አላፈሩም። ካሴቱ የመጣ ቀን የሆነውን ስነግራቸው መሪጌታ ሳቁ። “ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። እርስዎ ሳይሰሙ ፈረዱ! እስቲ ከመጀመሪያው ይከፈት” አሉ። ከፈትነው። እማማ ኡም ኻሊል “ልንገር ወይስ ትተኛላችሁ?” ሲሉ አንቺ እንዳስረዳሽን አድርጌ እኔ ተረጎምሁላቸው፣ አንቺም በካሴቱ “ንገሪ” አልሽ። አባታችን የአይቧን ልጅ ሰሙ። ወፎቹ ጋ ሲደርስ እናታችንን ቀድመው “እሰይ!” አሉ። እሷም “የእኔን ቀሙኝ” ብላ ዘለፈቻቸው።

በማግሥቱ ማለዳ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። አባታችን የእኔን ስም ጠሩ። እናታችን እንደ ለመደችው ቦታውን ልትሞላ “ወለተ ሐና” አለች። እሳቸውም በዚያው ቅጽበት ጮክ ብለው “ወለተ ሐና!” አሉ። ሁለቱም እኩል ጠሩሽ። ከዚያ ወዲህ እህሉም ይበላል፣ ጨዋታውም ይጫወታል፤ እኔም እንቅልፍ ወስዶኝ ትምህርት ቤት ማርፈድ ጀምሬያለሁ።

እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች፤ ለጆሮሽ ጥጥ አድርጊ፣ ቢቻል ከገዳሙ ቅባት ንኪው ብላለች። ዮናስ አምስተኛ ክፍል አልፏል፣ የዝይ ሥዕል ሥሎልሽ አብሬ ልኬዋለሁ፤ ዶሮ ቢመስልሽ አትንገሪው። ጎረቤታችን ዓለሚቱ ከነልጆቿ፣ መሪጌታም ከነተማሪዎቻቸው ሰላም ብለውሻል። ለእማማ ኡም ኻሊል ኻሊልን የሰጠች እመቤት ጉልበታቸውን ትማርልኝ ብያለሁ።

አባታችን ሰላምታቸውን በመጨረሻ አድርጊልኝ ብለው እስካሁን አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሌላ ካሴት እንድትልኪ ይፈልጋሉ። ምን ልበላት ብላቸው፣ ጥቂት አስበው፣ “ንገሪ፣ አልተኛንም በያት” አሉኝ።

እህትሽ ሠርካለም ደምሴ
ደብረ ታቦር፣ መስከረም 14 ቀን 1999 ዓ.ም.