አባትሽ አንቱ ያለኝ ዕለት

ልጄ ኦርኔላ፣ ቅዱስ ሎሬንዞ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እዚህ ቲቮሊ ዘንድሮ ወይራው አላፈራም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽ ግን እየረሳ ነው። እሑድ ልቡ ትንሽ ፈታ ቢልለት ብዬ ቪላ ዴስቴ የአትክልት ስፍራ ወሰድኩት። ፏፏቴዎቹን ሲያይ ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ተነስቶ ስምሽን ይጣራ ጀመር፤ ውሃው ድምፁን ቢውጠውም አላቆመም።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አላዩም? እዚሁ ስትጫወት ነበር» አለኝ። የገዛ ሚስቱን አንቱ አለኝ።

«ቤት ገብታለች ሴቲሚዮ፣ ና እንሂድ» ብዬ ዋሸሁት።

ቤት ስንደርስ ክፍል ለክፍል ፈለገሽ፤ ሲያጣሽም አለቀሰ።

የሚፈልገው ትንሿን ኦርኔላን ነው፤ ብትመጪም ላያውቅሽ ይችላል። ቢሆንም ከሥራሽ ፈቃድ ካገኘሽ ነይልኝ፤ እኔ አውቅሻለሁ። እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ አሱንታ